መንገድ ዳር የቀረው ታንክ፦ ይነሳ፣ ይጠገን ወይስ ባለበት ይጠበቅ?

መንገድ ዳር (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሜን ወሎ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ መግቢያ ላይ ከደርግ ዘመኑ ጦርነት የቀረ ታንክ አለ። ከአስፋልቱ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ አፈሙዙን ወደ ሸለቆው አዙሮ፣ በአንድ ጎኑ ሰንሰለቱ ተፈትቶ ቆሟል። ባለቤት ነኝ ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም። እረኛ ዝናብ ሲመጣ ይጠለልበታል፣ መንገደኛ ፎቶ ይነሳበታል፣ ልጆች በመድፉ ላይ ይንጠለጠላሉ።

ዘንድሮ የከተማው ኮሚቴ ጉዳዩን በአጀንዳ ይዞታል። የብዙዎቹ ሐሳብ በክሬን አንስተን፣ በሎቤድ ጭነን አደባባይ ላይ እናቁመው፣ አረንጓዴ ቀለም እንቀባው፣ ዙሪያውን አበባ እንትከልበት የሚል ነው። ሌሎች ደግሞ ለብረት ፋብሪካ ተሽጦ ገንዘቡ ለትምህርት ቤቱ አጥር ይዋል ይላሉ። እኔም የኮሚቴው አባል ነኝ፤ ሁለቱም አልተዋጠልኝም። ታንኩ እዚያ መታጠፊያ ላይ የቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ዝም ብለን ብንተወው ክረምቱ እየበላው ነው። ከሰንሰለቱ በላይ ያለው ላሜራ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል፣ ሆዱ ውስጥ ውኃ እንደሚያቁር ከሽታው ይታወቃል።

ከእናንተ መካከል በጦር ተሽከርካሪ ጥገና ወይም በቅርስ አጠባበቅ የሠራችሁ ካላችሁ ምን ትመክሩናላችሁ? የሚቀጥለው ስብሰባ ሳይደርስ በቂ ምክንያት ይዤ መግባት እፈልጋለሁ።

---

የቀድሞ ታንከኛ

ወንድሜ፣ ስለ ክሬንም ስለ ቀለምም ከመነጋገራችን በፊት ልጆቹን ከዚያ ታንክ ላይ አውርዱልኝ። ይህን የምለው በዚያ ዓይነት ታንክ ውስጥ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው በመሆኔ ነው።

ቲ-55 ከሆነ ሙሉ ትጥቁ 43 የመድፍ ጥይት ነው። ከፊሉ የሚቀመጠው ከነጂው በስተቀኝ፣ ከነዳጅ ጋን ጋር በተያያዘ መደርደሪያ ውስጥ ነው። ታንክ ተመትቶ ሲቃጠል ሁሉም ጥይት አይፈነዳም። የተረፈው በሙቀት ተጎድቶ፣ ኋላም ለዓመታት በእርጥበት ሲበላ ኖሮ፣ ከአዲሱ ይልቅ የሚያስፈራው እሱ ነው። ሌላም አለ። መድፉ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመጣበትን ኃይል የሚውጠው መሣሪያ ውስጥ ፈሳሽና ናይትሮጂን በከፍተኛ ግፊት ታምቀዋል። ሞተር ለማስነሳት የሚያገለግሉ የታመቀ አየር ጠርሙሶችም አሉ። የድሮ የሶቪየት መሣሪያ ሰዓቶች በጨለማ እንዲታዩ የተቀቡት ጨረር ባለው ራዲየም ነው፤ መስታወቱ ከተሰበረ ብናኙን ማንም መተንፈስ የለበትም። ፍሬኑም አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤ የሚጻፈው ለመከላከያ መሐንዲሶች ነው። ፈንጂ አምካኝ ገብቶ ነፃ ነው እስኪል ድረስ ማንም መፈልፈያ ይዞ ክዳን እንዳይከፍት።

ዓይነቱን ከውጭ ሆናችሁ መለየት ትችላላችሁ። ቸርኬዎቹን ቁጠሩ። አምስት ከሆኑና በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ካለ ቲ-54 ወይም ቲ-55 ነው። ክፍተቱ ወደ ኋላ ባሉት መካከል ከሆነ ቲ-62 ነው። ስድስት ቸርኬ ካለው አሜሪካ ሠራሹ ኤም-47 ሊሆን ይችላል። ቲ-54ን ከቲ-55 ለመለየት የማማውን (መድፉን ይዞ የሚዞረውን የላይኛውን ክፍል) ጣሪያ በቀኝ በኩል እዩ። ከአጉራሹ (መድፉን ጥይት የሚያጎርሰው ወታደር) ክዳን ፊት ለፊት ጉልላት የመሰለ የአየር ማስገቢያ ካለ ቲ-54 ነው፣ ከሌለ ቲ-55። ፎቶ አንሱና እዚህ ለጥፉልን።

---

ሞተር ወዳጅ

ጋሼ የተናገሩት የደህንነት ጉዳይ ላይ አንድ ቃል አልጨምርም፤ እጅ ነስቼ ተቀብያለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ይህ ታንክ መነሳት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ሞተሩ ማለቴ ነው።

ያ ሞተር ተራ ሞተር አይደለም። ባለ 12 ፒስቶን፣ 38.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው። ዘሩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነቱ ቲ-34 ይመዘዛል። በቲ-34 ላይ 500 የፈረስ ጉልበት ነበረው፣ በቲ-54 ላይ 520፣ በቲ-55 ላይ 580 ደረሰ። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ የተመረተው ታንክ ይኸው የቲ-54ና የቲ-55 ዘር ስለሆነ መለዋወጫው ዛሬም ይገኛል። የደረቀ ሞተር ማለት የሞተ ሞተር ማለት አይደለም። መርጫዎቹን ታወጣለህ፣ በየሲሊንደሩ ናፍጣና ዘይት ቀላቅለህ ታፈስሳለህ፣ ታግሠህ ትጠብቃለህ። ከዚያ በእጅ ቀስ እያልክ ለማዞር ትሞክራለህ እንጂ በባትሪ አትገፋውም። የነዳጅ ጋኑን አውጥተህ ታጥባለህ፣ ጎማና ሽቦ የሆነውን ሁሉ ትቀይራለህ፣ ራዲያተሩን ትፈትሻለህ። ውኃ ከገባበት በመጀመሪያ የሚጎዱት የቫልቭ መቀመጫዎችና የፒስቶን ቀለበቶች ናቸው።

እንግሊዝ አገር ቦቪንግተን ያለው የታንክ ሙዚየም በ1943 (እ.ኤ.አ.) ቱኒዚያ ውስጥ የተማረከውን የጀርመን ታይገር 131 በራሱ ሞተር እንዲሄድ አድርጓል። እኛስ አንዱን እንኳ ማስነሳት ለምን ያቅተናል? ይህችን አገር ያገለገሉ መካኒኮች ገና በሕይወት አሉ። ዕውቀታቸው አብሯቸው ወደ መቃብር እንዲወርድ አልፈልግም።

---

ከደቡብ እንግሊዝ

ስለ ታይገር 131 የተነሳውን ልጨምርበት፤ ሙዚየሙ ከምኖርበት ብዙ አይርቅም። ያ ጥገና ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። ሙያተኛ፣ ወርክሾፕና ቋሚ ገንዘብ ያለው ተቋም ነው የሠራው። ዛሬም ቢሆን ለሕዝብ የሚያሽከረክሩት በዓመት ውስጥ በጣት ለሚቆጠሩ ቀናት ብቻ ነው። በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚያልቅ አካል አለ፤ ያለቀው ሲቀየር ደግሞ የመጀመሪያው ብረት እየቀነሰ ይሄዳል። ሙዚየሙ ይህን አውቆ ነው የሚጠነቀቀው።

ደግሞም ታይገር 131 ሲማረክ አልተቃጠለም ነበር። የተቃጠለ ታንክ ሌላ ጉዳይ ነው።

---

ሰብለ (የቅርስ ጥገና)

በብረት ቅርሶች ጥገና የምሠራ ነኝ፤ ሐሳቤን ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ታገሡኝ።

ኮሚቴው «እንጠግነው» ሲል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ እያየ ይመስለኛል። አንደኛው ታንኩን ከፋብሪካ እንደወጣ ቀን ማስመሰል ነው። ሌላው ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ጉዳቱ ሳይባባስ ማቆየት ነው። በጦርነት ውስጥ ቆስሎ መንገድ ዳር ለቀረ ታንክ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። የተበሳው ጎን፣ የወለቀው ሰንሰለት፣ ወደ ሸለቆው የዞረው አፈሙዝ፣ በዚያች ቀን የሆነውን ይናገራሉ። በአረንጓዴ ቀለም ሸፍናችሁ አደባባይ ላይ ስታቆሙት የቀረው 36 ቶን ብረት ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ታንክ በየአገሩ አደባባይ ሞልቷል። በእናንተ መታጠፊያ ላይ የቆመው ግን አንድ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ሁሉንም ጎን በፎቶ መዝግቡ። ቀዳዳዎቹን ከነስፋታቸው፣ የቀለም ቅሪት ያለበትን ቦታ ሁሉ፣ የተቀረጸ ወይም የተጻፈ ቁጥር ካለ እሱን ጭምር። በአሸዋ ማስገረፍ የሚባለውን ነገር ከአእምሯችሁ አውጡት። ዝገቱን ሲያነሳ የክፍሉን ቁጥር፣ ወታደሩ በጠመኔ ወይም በቀለም የጻፈውን ስም፣ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ የተደራረበበትን ታሪክ ሁሉ ይዞት ይሄዳል። አንድ ትንሽ ቦታ መርጣችሁ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በእርጥቡ ቀስ እያላችሁ ብታሹ ቀለሞቹ አንዱ በአንዱ ሥር እንደ ቀለበት ይገለጣሉ። ታንኩ ስንት ጊዜና በምን ቀለም እንደተቀባ በዚያ ይታወቃል።

ከዚያ ውኃውን ማሸነፍ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ታንክ የሚገድለው የማማው ዝገት አይደለም። ማማው ወፍራም ቀልጦ የተሠራ ብረት ስለሆነ ከላዩ ቢዝግም ለብዙ ትውልድ ይቆያል። የሚያልቁት ስስ ላሜራዎቹ፣ የውጭ ነዳጅ ጋኖቹ፣ የሞተሩ ክዳን ወንፊቶችና የወለሉ ቡሎኖች ናቸው። ዝገት ከመጣበት ብረት ይልቅ ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በሁለት ላሜራ መካከል የገባ ዝገት እያበጠ ቡሎኑን ይበጥሰዋል። በሆዱ የተጠራቀመው አፈርና ቅጠል እርጥበት ይዞ ይከርማል፤ እሱን ማውጣትና የወለሉን ማፍሰሻ መክፈት ከማንኛውም ቀለም ይበልጣል። ክዳኖቹ ዝናብ እንዳያስገቡ ይሸፈኑ፣ ግን አየር እንዳይታፈን። ፕላስቲክ ሸራ ጠቅልሎ ማሰር የከፋ ነው፤ ከውስጥ ላብ ይፈጥራል። ታንኩ በቀጥታ አፈር ላይ ከተቀመጠ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሮ ጠጠር መሙላት ያስፈልጋል።

የላላው ዝገት በእጅ ብሩሽ ይራገፋል። ቀለም በሌለበት ባዶ ብረት ላይ የታኒን አሲድ ቢቀባ ከዝገቱ ጋር ተዋሕዶ ጠቆር ያለና የረጋ ሽፋን ይሆናል። በላዩ ለብረት የሚሆን ሰም ይቀባል፤ በየጊዜው መታደስ አለበት። ቀለም አይደለም፣ አያብለጨልጭም፣ ካልተስማማችሁም የሚነሳ ነው። ሊመለስ የማይችል ነገር አትሥሩ።

---

ኮምቦልቻ በያጅ

እኔ ደግሞ ከሌላ ወገን ልናገር። ብረት በጋዝ ቆርጬ ቤተሰብ ያስተዳደርኩ ሰው ነኝ። ድሃ ወጣት መንገድ ዳር ሠላሳ ምናምን ቶን ብረት ቆሞ እያየ ለምን አይሸጥም ቢል አልፈርድበትም። ኮሚቴው ይሸጥ ያሉትን ሰዎች እንደ አገር ጠላት እንዳያያቸው እለምናለሁ።

ግን የሚቆርጠው ልጅ ምን እንደሚገጥመው ይወቁ። አሮጌው ቀለም እርሳስ አለበት፤ በጋዝ ሲነድ ጭሱ ደም ውስጥ ይገባል። የታሸገ ነገር፣ ጋንም ይሁን ቱቦ፣ ችቦ ሲነካው ይፈነዳል። የቀድሞ ታንከኛው ጋሼ ስለ መድፉ መመለሻ የጻፉትን አንብቤ ደንግጫለሁ፤ በየጋራዡ ይህን የሚነግር የለም። ወፍራሙ የፊት ብረት 100 ሚሊ ሜትር ነው ይባላል። እሱን ለመቁረጥ የሚሄደው ኦክስጅንና የሰው ጉልበት ሲሰላ የሚተርፈው ገንዘብ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። አጥሩን በሌላ መንገድ መሥራት ይቻላል። በዚያ ስብሰባ ላይ ከፈለጋችሁ ይህን ለመናገር እመጣለሁ።

---

አሽዶድ

ሰላም ወገኖቼ። እዚህ እስራኤል ከቴል አቪቭ ወደ ኢየሩሳሌም በሚወስደው ዋና መንገድ፣ ሻዓር ሃጋይ በሚባለው ሸለቆ ውስጥ፣ በ1948ቱ (እ.ኤ.አ.) ጦርነት ለተከበበችው ኢየሩሳሌም ስንቅ ሲያደርሱ የተመቱ መኪኖች እስካሁን መንገድ ዳር አሉ። መኪኖቹ በዚያ ዘመን በችኮላ የተሠሩ ናቸው፤ በሁለት የብረት ሰሌዳ መካከል እንጨት ተደርጎባቸው ነበር የሚታጠቁት። ማንም አዲስ አላደረጋቸውም። ዝገት የሚከላከል ቀይ ቡናማ ቀለም ተቀብተው ቆመዋል፣ በመታሰቢያ ቀን የአበባ ጉንጉን ይቀመጥባቸዋል። በአውቶቡስ ያለፈ ሁሉ ያያቸዋል። እኔ መጀመሪያ ወደ ኢየሩሳሌም ስሄድ ማንም ሳያስረዳኝ ምን እንደሆኑ ገባኝ።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ላትሩን የጦር ታንኮች ሙዚየም አለ፤ ከመቶ በላይ ታንክ ተቀብቶና ተሰልፎ የሚታይበት። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ግን ልቤን የነካው መንገድ ዳር ያለው ነው። ቀይ ቡናማው ቀለም ለእናንተም መፍትሔ ሊሆን ይችላል? እህት ሰብለ ምን ትያለሽ?

---

ሰብለ (የቅርስ ጥገና)

ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እነዚያ መኪኖች የተሠሩት ከስስ ብረት ስለሆነ ያለ ቀለም አይቆዩም ነበር። ለታንኩ ስስ ክፍሎች፣ የመጀመሪያው ቀለም ጨርሶ ከጠፋባቸው ቦታዎች ላይ ብቻ፣ ማት የሆነ የዝገት መከላከያ መቀባት ይቻላል። ማማውንና ፊቱን ግን በሰም ብቻ ብንተው እመርጣለሁ። የቀለም ቅሪት ባለበት ቦታ በፍጹም።

---

ሜሪላንድ

አጭር ነገር። «በውጭ አገር ሁሉ ነገር በመጋዘን ይጠበቃል» ብሎ የሚያስብ ካለ ልንገረው። እዚህ አበርዲን የነበረው የአሜሪካ ጦር የታንክ ክምችት ለአሥርተ ዓመታት ሜዳ ላይ ዝናብ ሲዘንብበት ኖሯል። ኋላ ከ2010 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ጀምሮ ነው ወደ ቨርጂኒያ የተዛወረው። እናንተ አንድ ታንክ ነው ያላችሁ። አንድ ታንክ መጠበቅ ይቻላል።

---

የታሪክ መምህር

ቦታው ለምን እንደሚያስፈልግ በታሪክ ልደግፈው። በታኅሣሥ 1928 የራስ እምሩ ጦር፣ በፊታውራሪ ሽፈራው መሪነት፣ ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉይና በር ላይ የጣሊያንን ታንኮች ገጠመ። ታንኮቹ ሁለት ሰው የሚይዙ፣ ሦስት ቶን ያህል የሚመዝኑ፣ የሚዞር ማማ የሌላቸው ትንንሾች ነበሩ። መትረየሳቸው ወደ ፊት ብቻ ስለሚተኩስ ወታደሮቻችን ከኋላና ከጎን ተጠጉባቸው። በጠባቡ በር፣ በድንጋያማው መሬት ላይ መንቀሳቀስ ሲያቅታቸው ተይዘው ተሰባበሩ።

ይህን ታሪክ ለተማሪ በክፍል ውስጥ ስነግር ይደነቃል። በሩን ያየ ሰው ግን ይገባዋል፤ ባዶ እግሩን የሚዋጋ ሰው ብረትን እንዴት እንደረታ የሚያስረዳው መሬቱ ነው። የእናንተም ታንክ ከመታጠፊያው ተነጥሎ አበባ መካከል ቢቆም ተማሪው «ማን? ለምን? ወደ የት ሲሄድ?» ብሎ መጠየቅ እንኳ አይችልም። እኔ ብሆን በየዓመቱ ተማሪዎቼን እዚያው ድረስ አመጣቸዋለሁ።

---

የአጉራሽ ልጅ

ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። አባቴ የታንክ አጉራሽ ነበር። በ1981 ሽሬ ላይ የነበረው ጦር ሲፈርስ ከዚያ ወዲህ የሰማነው የለም። አስከሬን አልመጣም፣ ደብዳቤም አልመጣም። እናቴ እስክታርፍ ድረስ የሞተበትን ቀን አታውቅም ነበር፤ ተዝካሩን ያወጣችው በግምት ነው።

መንገድ ላይ የቆመ ታንክ ባየሁ ቁጥር ክዳኑን ነው የማየው። ክፍት ከሆነ ወጥተዋል ብዬ እጽናናለሁ። ወንድሜ መንገድ ዳር፣ የእናንተ ታንክ ክዳን እንዴት ነው? ክሬን ከመምጣቱ በፊት ውስጡ ሰው እንዳለ ወይም እንዳልነበረ የሚያውቅ አለ ወይ? አራት ሰው ነበር ውስጡ። ሰዎቹ የማን ልጆች እንደነበሩ ባይታወቅ እንኳ የት እንዳረፉ ሊታወቅ ይችላል። ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

---

ሰብለ (የቅርስ ጥገና)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ያልሽው ትክክል ነው፤ በእኔ ዝርዝርም ላይ የመጀመሪያው መስመር መሆን ነበረበት።

በዚህ ጉዳይ አንድ የማደንቀው ሥራ አለ። ፈረንሳይ ውስጥ ፍሌስኪየር በምትባል መንደር በኅዳር 1917 (እ.ኤ.አ.) የተመታ «ዲቦራ» የሚባል የእንግሊዝ ታንክ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ኖሮ በ1998 ተቆፍሮ ወጣ። ከሠራተኞቹ አምስቱ ሞተዋል፤ መቃብራቸው በዚያችው መንደር ነው። ታንኩን የተበሳ ጎኑን ሳይደፍኑ፣ ሳይቀቡ፣ ከመቃብሩ አጠገብ በ2017 ሙዚየም ሠርተው አኖሩት። ጎብኚው የተቀደደውን ብረት አይቶ ጥቂት ሲራመድ ስማቸውን ያነብባል። ገንዘባቸው የለንም፣ አካሄዳቸውን ግን መከተል እንችላለን።

---

የቀድሞ ታጋይ

እኔ በ1982 በዚያው በወሎ ግንባር ነበርኩ፣ በሌላኛው ወገን። የአጉራሽ ልጅ፣ እህቴ፣ ስለ አባትሽ አዝናለሁ። ይህን ስጽፍ እጄ ቀላል አልሆነልኝም።

ለኮሚቴው የሚጠቅም ከሆነ ሁለት ነገር ልበል። በአርፒጂ የተመታ ታንክ ቀዳዳው ከውጭ ጠባብ ነው፣ ከጣት ብዙም የማይሰፋ። ጉዳቱ ከውስጥ ነው። ሰው «ምንም አልሆነም» የሚለው ለዚህ ነው። ቀዳዳው በየትኛው ጎን እንዳለ ካያችሁ የተተኮሰበትን ቦታ፣ ሸለቆውን ወይም ጋራውን፣ ታገኛላችሁ።

ሁለተኛ፣ ሰሌዳው ላይ «የደርግ ታንክ» ብላችሁ ለመጻፍ አትቸኩሉ። የማረክናቸውን ታንኮች ራሳችን እንነዳቸው ነበር። በግንቦት 1983 አዲስ አበባ የገባነው በተማረኩ ታንኮች ጭምር ነው። አንድ ታንክ በሁለት ወገን ሊዋጋ ይችላል፣ በሁለቱም እጅ ውስጥ ሰው ሊሞትበት ይችላል። በማማው ላይ ያለው ቀለም ተደራርቦ ከተገኘ ይህንንም ይነግራችሁ ይሆናል። የአካባቢው ሽማግሌዎች ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ የሞተውን የቀበሩት እነሱ ናቸው።

---

የቀድሞ ታንከኛ

ታጋዩ ወንድሜ፣ የጻፍከው እውነት ነው። አብረን ሻይ ብንጠጣ ደስ ይለኛል።

---

አዋጅ አንባቢ

ከሕግ አንጻር ለኮሚቴው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን በዕድሜ ብቻ አይተረጉምም፤ በታሪክ ጠቀሜታውም ያየዋል። ቅርስ ሆኖ የተያዘን ነገር ለመጠገን ወይም ለማደስ ከቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ታንኩ እንዲመዘገብ በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል ጥያቄ አቅርቡ። በተጨማሪ የጦር መሣሪያ ስለሆነ የመከላከያ ሠራዊትን አስተያየት በጽሑፍ ያዙ። በቃል የተባለ ነገር ኮሚቴው ሲቀየር ይጠፋል።

በቅርቡ ጦርነት መንገድ ላይ የቀሩትን ተሽከርካሪዎች በተመለከተ አንድ ሰው በውስጥ መልእክት ጠይቆኛል። እነሱ ላይ ገና ሐዘኑ ትኩስ ነው፣ ብዙ ቦታም ፈንጂው አልጸዳም። ከርቀት ፎቶ አንስቶ ቦታውን መመዝገብ ይበቃል። እባካችሁ ይህን ውይይት ወደዚያ አንውሰደው።

---

ሞተር ወዳጅ

ሐሳቤን በከፊል ቀይሬያለሁ። ይህ ታንክ ባለበት ይቆይ። ሞተር የማስነሳቱን ምኞት ግን አልተውም። ለእሱ ያልተመታ፣ በካምፕ ውስጥ የቆመ፣ ሰው ያልሞተበት አንድ ታንክ ይፈለግ፤ የቀድሞ መካኒኮችንም አሰባስበን እያስተማሩ እንዲሠሩት እንጠይቅ። ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ እኔ መሣሪያውንና ጋራዡን እሰጣለሁ። ሥራውን በቪዲዮ እንቀርጸዋለን፤ የፍሪሲዮኑን ማስተካከያ ብቻ እንኳ በአማርኛ የሚያስረዳ ጽሑፍ አላየሁም።

---

የቀድሞ ታንከኛ

እግሬ እንጂ እጄ አልደከመም። እመጣለሁ።

---

መንገድ ዳር (ውይይቱን የከፈተ)

ከሁሉም በፊት አመሰግናለሁ። ስብሰባው ተካሂዷል፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

የእናንተን ጽሑፍ አትሜ ወስጄ በየተራ አነበብኩላቸው። ስለ ጥይቱና ስለ ራዲየሙ ሲሰሙ ክሬኑ ያለ ክርክር ቆመ። ዙሪያው በእንጨትና በሽቦ ታጥሯል፣ ልጆች እንዳይቀርቡ ጥበቃ ተመድቧል። ለመሐንዲሶቹ ደብዳቤ ተጽፏል። የአጉራሽ ልጅ የጻፈችውን ያነበብኩት በመጨረሻ ነው። ካነበብኩ በኋላ አንድ አዛውንት ተነስተው ከታንኩ በላይ፣ ከሾላው ዛፍ በስተ ግራ፣ እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው ከታንኩ የወጡ ሰዎችን እንደቀበሩ ተናገሩ። ቄስ እንደነበረ፣ ፍትሐት እንደተደረገላቸውም አረጋገጡልን። ስማቸውን አያውቁም። ቦታው ላይ እስካሁን ድንጋይ ብቻ ነው ያለው፤ ሰው ግን አርሶት አያውቅም። እህቴ፣ የማማው ክዳኖች ሁለቱም ክፍት ናቸው።

አደባባዩ ሌላ ሐውልት ይፈለግለታል። ታንኩ ባለበት እንዲቆይ ተስማምተናል፣ መቃብሩም አብሮ እንዲታጠር። የሰሌዳው ጽሑፍ ገና አከራካሪ ነው። ታጋዩ ወንድሜ በጻፉት ምክንያት «የደርግ ታንክ» የሚለውን ለጊዜው አስወጥተነዋል፤ የታሪክ መምህሩ ረቂቅ ቢልኩልን ደስ ይለናል። ይሸጥ ይሉ የነበሩት ሰዎች አጥሩን አልረሱም፣ እኔም አልረሳሁም። ኮምቦልቻ በያጅ ያሉት ወንድሜ የቁርጡን ነገር ለማስረዳት እመጣለሁ ያሉትን ይዘንባቸዋል።

ፎቶ ለጥፌያለሁ። ቸርኬው አምስት ነው፣ ክፍተቱ ከመጀመሪያው በኋላ ነው። ጣሪያው ላይ ጉልላት አለ። በግራ ጎኑ፣ ከሁለተኛው ቸርኬ በላይ፣ ጣት የምታህል ቀዳዳ አለች። ከርቀት በካሜራ ስናቀርበው በማማው ጎን ከአረንጓዴው ሥር ነጭ ቁጥር የመሰለ ነገር ይታያል፤ የመጀመሪያው ሦስት ይመስላል።

---

የቀድሞ ታንከኛ

ጉልላቱ ካለ ቲ-54 ነው፤ 34 ጥይት ነው የሚይዘው። ለመሐንዲሶቹ በጻፋችሁት ላይ ይህን አርሙላቸው። ቀዳዳዋ በግራ ጎን ከፊት በኩል ከሆነች ነጂው የተቀመጠው እዚያ ነው። ከወንበሩ በስተኋላ ወለሉ ላይ የማምለጫ ክዳን አለ። መሐንዲሶቹ ሲገቡ እሱ ከውስጥ የተከፈተ መሆን አለመሆኑን እንዲያዩልኝ ንገሯቸው።

---

ሰብለ (የቅርስ ጥገና)

ነጩን ቁጥር ማንም እንዳይነካው፣ በጨርቅም ቢሆን። በውኃ አትጠቡት። መሐንዲሶቹ ነፃ ካሉ በኋላ በራሴ ወጪ መጥቼ ከላዩ ያለውን አረንጓዴ ቀስ ብዬ ላንሳው። ከዝናቡ በፊት ቢሆን ይሻላል፤ ቀኑን በውስጥ መልእክት ጻፉልኝ።